ወንዱ ጣውንቴ

ቀናተኛ መሆኔን ከማንም አልደብቅም። ልጅ ሳለሁ፣ ከተማ ውስጥ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ እናቴ የጎረቤት ልጅ ፀጉር ከሠራች ያን ቀን ምሳ አልበላም ነበር። ታላቅ እህቴ ስትዳር ዕንባዬን ያዩ ሁሉ «እንዴት ብትወዳት ነው!» አሉ፤ እኔ ግን ያለቀስኩት አዲሱን ጫማዋን አይቼ ነው። ስለዚህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከሰርቦ ከተማ ወደ ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወጥቼ የቡና ገበሬ ሳገባ፣ አክስቴ ለብቻዬ ወስዳ የመከረችኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ሁለተኛ ቢያመጣብሽ እንኳ ቤቱን እንዳታቃጥዪ።»

ሁለተኛ አላመጣም። ጣውንቴ ከእኔ ቀድሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ጥርኝ ነው፤ ያውም ወንድ ጥርኝ።

ጥርኝ ለማያውቅ፣ ከድመት የሚተልቅ፣ ግራጫው ጠጉሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ዓይኑ ሥር ጥላሸት የተቀባ የሚመስል የጫካ አውሬ ነው። ከጭራው ሥር ካለች ከረጢት ዝባድ ይወጣዋል፤ እንደ ቅቤ የረጋ፣ ሽቶ ሠሪዎች ባሕር አቋርጠው የሚፈልጉት ነገር። ጥርኝ መያዝና መጠበቅ በኛ በኩል ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ሙያ ነው። የባሌ አባት ሲሞቱ ሦስት ጥርኝ ትተውለት ነበር፤ እኔ ስደርስ የቀረው አንድ ብቻ ነው። የሚኖረው ከቤታችን ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ዝቅ ያለች ጎጆ ውስጥ ሲሆን፣ እንዳይበርደው እሳቱ ቀን ከሌት አይጠፋም። ሴት አትገባም። እንግዳም አይገባም፤ ዓይን ይበላዋል፣ ዝባዱም ይደርቃል ይባላል። ባሌ ራሱ ወደዚያ ሲሄድ ሌላ ልብስ አይለብስም፤ ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ካፖርት በረንዳው ላይ ምስማር ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ እሷን ደርቦ ነው የሚገባው። ሽታ እንዳይቀየርበት ነው።

ይህን ሁሉ ወግ ብዬ ተቀበልኩ። ያልተቀበልኩት ገንፎውን ነው። ያ ሰው የሚጠጣውን ውኃ እንኳ ተነስቶ የማይቀዳ ሰው ነበር። ለጥርኙ ግን ማለዳ ማለዳ ማጀቴ ውስጥ ይገባና፣ ድስቴን ይዞ፣ የበቆሎ ገንፎውን በገዛ እጁ ያገነፋል። ቅቤ ያገባበታል። ከዶሮዎቼ እንቁላል ወስዶ አስኳሉን ለይቶ ይጨምርበታል። ከዚያ እንዳያቃጥለው በእጁ ጀርባ ይለካዋል። አንድ ቀን ድስቱ ሥር የቀረውን እያሳየ «ብዪው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ድስት ከበላሁ አፈር ልብላ።

ይባስ ብሎ ያወራዋል። ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ድምፁ በጭቃው ግድግዳ በኩል ይሰማኛል። ከእኔ ጋር አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቅን ነው የምናወራው፤ ከጥርኙ ጋር ግን ኦሮምኛው እንደ ወተት ይፈሳል። «ኮቱ፣ ማሎ ኮቱ» ይለዋል፤ ና፣ እባክህ ና። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ና ሂንዲሲን» ይለዋል፤ አትተወኝ። ጎመኑን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ለእኔ የነገረኝን ሁሉ አሰብኩ። «ጨው አነሰው» ብሎኛል። ሌላ የለም።

አማቴ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከእግሬ ቀድሞ ያለሁበት ይደርሳል።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ የከተማዋ ልጅ? ጣውንትሽ አስቀየመሽ?»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! በአውሬ እቀናለሁ እንዴ?»

«እኔ ሃያ ዓመት ቀንቻለሁ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ደግሞ በሦስት።»

ነገሩ ወጣና የሰፈሩ ሴቶች ምንጭ ስንወርድ ዘፈን አደረጉት። «ወንድ ጣውንት ምን ይጎዳል? ልጅ አይወልድብሽ!» ይሉና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅና ቤት ስገባ እንስራዬን መሬት ላይ ጓ አድርጌ አሳርፋለሁ። የምፈልገው ነገር ከባድ አልነበረም። ባሌ አይመታኝም፣ አይሰድበኝም፣ አይጠጣም። የምፈልገው ያ ሰው አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኔን አጣለሁ ብሎ እንዲፈራ ነበር። ለጥርኙ የሚፈራውን ያህል።

አንድ ማለዳ ፀጉሬን በአደስ በነጠረ ቅቤ ተቀብቼ በረንዳው ላይ ሳልፍ፣ ካፖርቷ ዓይን ለዓይን ገጠመችኝ። ግራ ቀኝ አየሁ። አማቴ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። አንገትጌዋን ያዝኩና ራሴን አሸሁባት። በደንብ አሸሁባት፤ ከዚህም ከዚያም። እንግዳ ሽታ ጥርኙን ያሳብደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይበድ አልኩ።

አበደም። በማግስቱ ባሌ ገንፎውን እንደያዘ ተመለሰ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ፊቱ አመድ መስሎ እንጨት ላይ ቁጭ አለ። ገንፎውን ቀመሰ፣ እንቁላሉን አሸተተ፣ እጁን በአመድ አጠበ። አንገቱ ሥር ያለውን የካፖርቷን አንገትጌ ግን አላሸተተም፤ ሽታዬ አፍንጫው ሥር እየዋለ ሽታዬን አላወቀውም። ደስታዬ በአንድ በኩል፣ ይህን ሳስተውል የተሰማኝ ንዴት በሌላ በኩል። ጥርኙ በአንድ ቀን ያወቀውን ሽታ ባሌ በሁለት ዓመት አላወቀውም።

በመጨረሻ ጥፋቱን የጣለው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ላይ ነው። ጸሐፊው ባለፈው ሳምንት የየቤቱን ከብት ሊመዘግብ መጥቶ፣ በጎጆዋ ቀዳዳ አጮልቆ አይቶ፣ «ይኼን የት ልመዝግበው? ከብት ነው አውሬ?» ብሎ ራሱን ሲያክክ ቆይቶ ነበር። «የሱ ዓይን ነው» አለ ባሌ። «ዓይኑ እንደ ጦር ነው።» እኔም አብሬ ጸሐፊውን ረገምኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በአራተኛው ቀን ጥርኙ ራቡ አሸነፈውና በላ። እኔ ግን አልተውኩም። ፀጉሬን በተቀባሁ ቁጥር ራሴን አንገትጌዋ ላይ አሻለሁ። እሱ ደግሞ ይበላል። እኔ አሻለሁ፣ እሱ ይበላል። ተንኮሌ እንደማይሠራ እያየሁም እጄን ማቆም አቃተኝ፤ የቀናተኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው፣ ጥቅሙ ካለቀ በኋላም እልሁ ይቀራል።

መንደር ምሥረታ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ተበታትነን ከምንኖርበት ከቡናው ጥላ ወጥተን፣ ታች ሜዳው ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ቤታችን በመስመር እንዲደረደር ተወሰነ። እያንዳንዱ አባወራ ወርዶ ቋሚ እንዲያቆም፣ ለስምንት ቀንም እዚያው እንዲያድር ታዘዘ። አልሄድም ማለት አይቻልም። ባሌ ቁጭ ብድግ አለ። አማቴ እንኳን ጎጆዋ ድረስ ሊሄዱ ደጃፉንም በምርኩዝ ነው የሚሻገሩት። ወንድሞቹ ሁሉ እሱው ወደሚሄድበት ሊሄዱ ነው። ቀረሁ እኔ።

መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ካፖርቷን ልበሺ» አለኝ። «ስትገቢ ቀስ ብለሽ ግቢ። እንዳታናግሪው። ዓይኑን አትዪው። ገንፎውን አስቀምጠሽ፣ እሳቱን አይተሽ፣ ውጪ።»

«እሺ» አልኩ ዝቅ ብዬ። በመጨረሻ ጣውንቴን ላየው ነው።

ሲነጋ ኩሌን ተኳልኩ። ለአውሬ ኩል ተኳለች ብላችሁ ሳቁ፤ ተኩያለሁ። ካፖርቷን ደረብኩ፣ ገንፎዬን ያዝኩና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ቀጥሎ ሽታው፤ ጥሬ ዝባድ ሽቶ አይደለም፣ ግንባር የሚሰነጥቅ ነገር ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ጠበቅኩ። ያን ሁሉ ቅቤና እንቁላል የበላ፣ ያን ሁሉ ልመና የሰማ፣ የደነደነ ጌታ ነበር በሐሳቤ የሳልኩት።

በቀጫጭን እንጨት የተሠራ ረጅም ማደሪያ ውስጥ ነበር፤ ዞሮ እንዳይናከስ ጠባብ ተደርጎ የተሠራ። ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መዞር አይችልም። ወደ ፊት አራት እርምጃ፣ ወደ ኋላ አራት እርምጃ። ትከሻው ላይ ጠጉሩ በእንጨቱ ተፍቆ አልቋል። ከጠበቅኩት በጣም ያንሳል።

ወደ ኋላ ይሸሸኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ፊት መጣ። አፍንጫውን በእንጨቶቹ መሐል አውጥቶ እጅጌዬን አሸተተ፤ ከዚያ አንገቱን አስረዝሞ ወደ አንገትጌው ቀና አለና እዚያው ላይ ቆየ። ትንፋሹ ጉሮሮዬን ነካኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለእሱ እንግዳ አይደለሁም። ወራት ሙሉ በየማለዳው ባሌ አንገት ላይ ተንጠልጥዬ ስገባ ነበር። ላስጠላው ብዬ የላክሁት ሽታ አስተዋውቆናል።

ገንፎውን ሰጥቼው መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። እሳቱ ዳር ቁጢጥ ብዬ አየሁት፤ ዓይኑንም አየሁት፤ ምን ይምጣ! በልቶ ሲጨርስ መመላለሱን ትቶ ጆሮዎቹን ወደ በሩ አቀና። እኔ ምንም አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቶ በቡናው መሐል የሚያልፍ ሰው የሸራ ጫማ ድምፅ ተሰማኝ። ጥርኙ ጫማው እስኪያልፍ ድረስ ጆሮውን አላወረደም። የባሌ አለመሆኑን ሲያውቅ ብቻ ወደ አራት እርምጃው ተመለሰ።

ይህን አውቀዋለሁ። እኔም ማጀት ውስጥ ተቀምጬ የምሠራው ይኸው ነው። ከእርሻ የሚመለሰው ማን እንደሆነ በእርምጃው እለያለሁ፤ የሱ ሲሆን ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ካልሆነ ድንቼን እልጣለሁ። ሰው አይቶብኝ አያውቅም ብዬ ነበር። አሁን አንድ አውሬ ፊቴ ቁጭ ብሎ እኔን እያሳየኝ ነው። ከመናደዴ የተነሣ ትእዛዙን ረሳሁና «እንደኔ አታድርግ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

አልደነገጠም። እንዲያውም ቀረብ አለ።

ከዚያ ወዲያ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ስለ እህቴ ጫማ ነገርኩት። ስለ ምንጭ ዳር ሴቶች ነገርኩት። ባሌንም አማሁለት፤ ከሰው ሁሉ እሱ ይረዳኛል ብዬ። ወደደኝ ማለቴ አይደለም። ገንፎ ይዤ ስለምገባ ነው፤ ደግሞ በዚያ ጨለማ ውስጥ የምትከፈት በር አንዲት ብቻ ስለሆነች ነው። በሯን ማንም ይክፈታት፣ አፍንጫው ወደዚያው ነው። እኔ የፍቅር መልስ ነው ብዬ ስቀናበት የኖርኩት በዚህ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ባሌ መጣ። ምሳ አልበላም፤ እናቱን ሰላም ብሎ፣ እኔን በአንገቱ እጅ ነስቶ፣ ካፖርቷን ደርቦ ገባ። ሦስት ደቂቃ አልቆየም።

«ነይ እስኪ» አለኝ ከጎጆዋ በር። «ግቢ።»

እማማ ምርኩዛቸውን ያዙ፤ ሴት ግቢ ስትባል ከተወለዱ ሰምተው አያውቁም። ገባሁ። ጥርኙ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ገልጦ ነበር። ባሌ ስምንት ቀን የባሕር ዛፍ ልጥ፣ የሰው ሲጋራ፣ የጭቃ ሽታ ተሸክሞ መጥቷል፤ ካፖርቷም ከውስጥ የሚወጣውን አልሸፈነችውም። እኔ ባሌ አጠገብ ስቆም ግን የጥርኙ አፍንጫ ተነቃነቀ። ወደ ፊት አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መጥቶ የነጠላዬን ጫፍ አሸተተ።

የባሌን ፊት አየሁ። ያ ፊት ከየት እንደሚመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለብሼዋለሁ። ከንፈሩ ቀጠነ፣ ዓይኑ ከእኔ ወደ ጥርኙ፣ ከጥርኙ ወደ እኔ ሄደ። ቀና! አልሃምዱሊላህ፣ ቀና! እልልታዬን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት።

«ምን አድርገሽው ነው?»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር፤ የማሳብብበት ጸሐፊም አለ። ግን ያሸነፈ ሰው መናገር ያምረዋል። ስለ ቅቤው፣ ስለ አንገትጌው፣ ሁሉንም ነገርኩት። ገንፎ ያልበላባቸውን ሦስት ቀናትም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሳቱ ዳር ቁጭ አለና አንገትጌውን ስቦ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸተተው።

«ስለምን?» አለ።

«ለእሱ አትተወኝ ትለዋለህ። ለእኔ ጨው አነሰው።»

ሲመልስልኝ ቁጣ አልነበረውም፤ እንዲያውም ግልጽ ነገር ለልጅ የሚያስረዳ ይመስል ነበር። «እሱ እኮ ከጫካ ተይዞ የመጣ ነው። እንጨቱ ቢላላ ዛሬውኑ ይሄዳል። ለዚህ ነው የምለምነው። አንቺን ምን ብዬ ልለምን? አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

ይህን ያለው ሊያስደስተኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። እኔ ግን እንጨቶቹን አየሁ፤ ትከሻው ላይ የተፋቀውን ጠጉር አየሁ።

«የትም እንደማልሄድ ማን ነገረህ?» አልኩት።

ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እንደማስበው አላውቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስኩትም። ጎንበስ ብዬ ወጣሁና ድንቼን መላጥ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ቤት የማፍረስ ሳምንት ነበር። ሣሩን አወረድን፣ ማገሩን ፈታን። አዲሱ ቦታ በር ለበር የተፋጠጠ ነው፤ ጓሮ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥርኝ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል አይኖርም። እማማ ሊሙ አገር ላለ ሰው እንሽጠው ብለው አጥብቀው ያዙ፤ እዚያ የሚያውቁት ጥርኝ ጠባቂ ነበራቸው። ባሌ እምቢ አለ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዚያ ሳምንት ያወራነው ስለ ገመድና ስለ ምስማር ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ ማደሪያውን ከነጥርኙ በሁለት ጫፍ ይዘን፣ ቡናው አልቆ ጫካው ከሚጀምርበት ዳር አወጣነው። ክብደቱ ለእኔ አስቸገረኝ፤ «አሳርፊው» አለኝ፣ አሳረፍኩት። ባሌ የፊቱን እንጨቶች አንድ በአንድ መዘዛቸው። ጥርኙ ወዲያው አልወጣም። ወደ ፊት አራት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ወደ ኋላ አራት ተመለሰ። እንደገና መጣ። በአራተኛው እርምጃ ላይ እግሩን አንስቶ ሣሩን በጥንቃቄ ረገጠ፤ አምስተኛውን ረገጠ፤ ከዚያ እየዘለለ ሄደ። ወደ ባሌ አልዞረም። ወደ እኔም አልዞረም። ያን ሁሉ ምሥጢሬን ተሸክሞ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ቀናሁ። የቀናሁት ግን ባሌ ስለወደደው አልነበረም። የሚገባበት ጫካ ስላለው ነው።

ቅጠሉ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ሁለታችንም ቆመን አየን። ከዚያ ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ይሆናል የሚያየው ብዬ ቀና አልኩ፤ ያየው ግን እግሬን ነበር። የቆምኩበትን፣ ጣቶቼ ወዴት እንደዞሩ፣ ረጅም ጊዜ አየው። አንዱ ወደ ፈረሰው ቤት፣ ሌላው ትንሽ ወደ መጣሁበት የሰርቦ መንገድ ዞሮ ነበር፤ ማደሪያውን ሳሳርፍ ነው እንደዚያ የቆምኩት። ማስተካከል እችል ነበር። አላስተካከልኩትም።

«እንሂድ?» አለኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም።